ሳይነስ ብቻ

ጥር 14፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ዛሬም ነፋስ። የሙሽራዋን ቤት መጋረጃ መሬት ላይ ዘርግቼ እጥፋት እየያዝኩ ሳለ በሩ ብርግድ። ነፋሱ ገብቶ ጨርቁን ከነመርፌው አነሳው። ነጭ ስስ ጨርቅ ነው፣ ክፍሉን ሞላው። መቀሴን እንደያዝኩ ደመና ውስጥ ቁጭ ያልኩ መሰለኝ። ደስ ሲል! ወዲያው አቧራው ተከትሎ ገባና አስነጠሰኝ፤ ሕልሜም በዚያው አለቀ።

የጥር አዳማ እንዲህ ናት እህት ዓለሜ፣ ደብተሬ። ሰማዩ የሻይ ቀለም ይይዛል። ወዲያ ኮረብታው ላይ በነፋስ መብራት የሚያመነጩት ነጫጭ ማማዎች እግራቸው በአቧራ ተውጦ ክንፋቸው ብቻ ይዞራል። ሳያቸው እንቅልፌ ይመጣል። የሠርግ ወር ባይሆን ተኝቼ በዋልኩ። ሙሽራ ግን አይጠብቅም።

ልጄ ብሌን ከት/ቤት ቀርታለች። ከገና ጀምሮ ጉንፋን ይዟት ነበር። ተሻላት ስል፣ የጥምቀት ዕለት ታቦት ስትሸኝ ውላ ተመለሰባት። እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ ትላለች፣ ከቅንድቧ በላይ በጣቷ እየጠቆመች። ጎንበስ ስትል ግንባሯ የሚወድቅ ይመስላታል። ሳይነስ ነው አልኳት። እኔም አለብኝ፣ አባቷም አለበት። አዳማ ላይ ሳይነስ የሌለበት ሰው ካገኘሽ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። ሳቀች። እየሳቀች ግንባሯን ያዘች።

እማ፣ ይቺ ሙሽራ አቧራውን ነው እንዴ የምታገባው፣ ነጭ መጋረጃ አዳማ ላይ? አለችኝ። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን የሽማግሌ። ቢያማትም አፏ ጤነኛ ነው።

ባሌ ግርማ ባቱ ወርዷል፣ በመኪናው ቲማቲም ይጭናል። ቤቱ የሁለት ሴቶች ነው። ጸጥ ብሏል። ክንፎቹ ይዞራሉ።


ጥር 16፣ ሐሙስ። ኪዳነ ምሕረት

ክሊኒክ ወሰድኳት፣ እዚሁ ሰፈር። ሐኪሙ ልጅ ግንባሯን ጫን፣ ጉንጯን ጫን አደረገ፣ ጉሮሮዋን አየ። ሳይነስ ነው አለ። ካፕሱል ሰጠን፣ የአፍንጫ ጠብታ ሰጠን። ከባሰባት ተመለሱ አለ። ወጣን። እንዴት ቅልል እንዳለኝ! ስም ያለው በሽታ ደግ ነው። የማውቀው ስም ሲሆን ደግሞ ጎረቤት በሩን ያንኳኳ ያህል ነው፤ ግባ ብሎ ማስቀመጥ ብቻ።

እውነተኛዋ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ደግሞ ቤት ስንደርስ ዳማከሴ ጨምቃ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ግድግዳችን አንድ ነው። እዚህ ካስነጠስኩ ከዚያ ማዶ ይማርሽ ትለኛለች። ምች ነው አለች። ሳይነስ ነው አልኳት። ምች ነው እንጂ፣ ከተኛችበት ተነስታ ፀሐይ መታት፤ ያ ሃዳ ብሌን፣ የብሌን እናት፣ ከተሜ ሆንሽና ምች ረሳሽ? አለችኝ። ሐኪም ያለውን ትሽሪያለሽ ወይ አልኳት። ተከራከርን። ብሌን መሃላችን ተቀምጣ፣ አረንጓዴው ጭማቂ በአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ሁለታችሁም ዶክተር ናችሁ፣ እኔ ብቻ ነኝ ታካሚ አለች።

ካፕሱሉንም ዋጠች፣ ዳማከሴውንም ጠጣች። የኔ ልጅ ማንንም አታስቀይም።

ቤቱ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። መጋረጃው ሳይቀር።


ጥር 18፣ ቅዳሜ። ማምሻ

ቦኩ ሄድን፣ እንፋሎት ልንታጠን። ሐሳቡ የአዴ ጫልቱ ነው። ምችም ሆነ ሳይነስ እንፋሎት ይፈታዋል አለች። በዚህስ ተስማማን። ባጃጅ ያዝን፣ ሦስት ሆነን።

እዚያ መሬቱ ራሱ ይተነፍሳል። ከዓለቱ ስንጥቅ ትኩስ ጭስ የመሰለ ይወጣል። ሴቶቹ በነጠላ ተሸፋፍነው ተደርድረዋል፤ ፊት አይታይም፣ ድምፅ ብቻ። አንዷ ስለ ጉልበቷ፣ አንዷ ስለ ምራቷ። ምራቷ ከጉልበቱ ትብሳለች። ብሌን ጭኔ ላይ ጋደም አለች። አንድ ነጠላ ለሁለት። ውስጡ ሙቅ፣ ነጭ፣ እርጥብ። ሕፃን ሳለች እንዲህ ነበር የምናሸልበው። እማ፣ እዚሁ ብንቀርስ አለችኝ። ምን ይበላል አልኳት። አቧራ የለም እኮ፣ ይበቃል አለች። ላቧ ከላቤ ተቀላቀለ። የኔ እጅ የት እንደሚያበቃ፣ የሷ ጀርባ የት እንደሚጀምር ጠፋኝ። እንዲህ ያለ ቦታ ሰዓት የለውም።

ስንወጣ ቀለለኝ አለች። ሙዝ በላች። አዴ ጫልቱ በኩራት ደረቷን ነፋች፣ እሷ እንዳፈላችው ሁሉ።

አሁን ደግሞ ትኩሳት ይዟታል። ከእንፋሎቱ የተረፈ ሙቀት ይሆናል። እንዲያ ብዬ ተቀምጫለሁ።


ጥር 19፣ እሑድ። ማምሻ

ግንባሯ አብጧል። ከግራ ቅንድቧ በላይ፣ ለስላሳ። ስነካው እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። የግራ ዓይኗ ቆብም ወርዷል። አዴ ጫልቱ ሸረሪት ሸንቶባት ነው አለች። እኔ ትንኝ አልኩ። ለማንኛውም ነገ በጠዋት ክሊኒክ እንመልሳታለን ተባባልን። እሑድ ዝግ ነው።

ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ስቀሰቅሳት ትነሳለች፣ ትንሽ ትጎርሳለች፣ ያስመልሳታል፣ ትተኛለች። ቅድም ዓይኗን ገልጣ፣ እማ በሩን አጥፊው አለችኝ። ዝጊው ማለቷ ነው። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። በሩንም አላየችውም።

እኔንም አጠገቧ ሸለብ አደረገኝ። ሐይቅ ላይ ነኝ፣ ዝዋይ ሐይቅ መሰለኝ። ነጩን መጋረጃ ውሃው ላይ ዘርግቼ እሰፋለሁ። ክሩን ውሃው ይስበዋል። ብሌን ከታች ሆና ጫፉን ይዛለች። አትሳቢው እላታለሁ፤ ድምፄ አይወጣም። ስነቃ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ቀልታለች።

ግርማ ደወለ። ነገ ጭኖ ይነሳል። እንዴት ሆነች አለኝ። ሳይነስ ነው አልኩት። እሺ አለ። እሱም ቅልል አለው፣ ከድምፁ አወቅኩት።


ጥር 20፣ ሰኞ። ረፋድ። ሆስ.

ከቦርሳዬ ያወጣሁሽ ካልጻፍኩ ስለምጮህ ነው።

ልብሷን ላለብሳት ስል ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇ ብቻ። ከዚያ ፊቷ። ከዚያ ሁለመናዋን አንዘፈዘፋት። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። ጮኽኩ። አዴ ጫልቱ ጫማ ሳታደርግ መጣች። ሰፈሩ ሞላ። አንዷ ክብሪት ጭራ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ አዴ ጫልቱ ከእጇ ቀማቻት፤ ልጅቷ ትተንፍስ፣ ወዲያ በሉ! አለች። በጎኗ አጋደመቻት። ረቢ ኢሼ ሃ ፈይሱ፣ ረቢ ኢሼ ሃ ፈይሱ ትላለች፤ እግዜር ይማራት ነው። ሲተዋት ተሸክመን ባጃጅ። ክሊኒኩን አልፈን ትልቁ ሆስ.።

ዶክተሯ ወጣት ናት። በትንሽ ባትሪ ዓይኗን አብርታ አየችና፣ ብሌኗ እኩል ነው፣ ለብርሃን ይመልሳል አለች ለነርሱ። ስሟን በምን አወቀች ብዬ፣ አዎ ዶክተር፣ ብሌን ነው ስሟ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እርስዎ ነዎት ያወጡላት? እኔ ነኝ አልኩ። ጥሩ ስም ነው አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ነርሱ ነው ኋላ የነገረኝ፣ የዓይኗን ብሌን ማለቷ እንደነበር። አንጎል ሲጨንቀው እዚያ ላይ ይታያል አለኝ። አፈርኩ። ግን ምን ላድርግ፣ እኔ የማውቀው ብሌን አንድ ነው።

በደም ሥሯ መድኃኒት ጀመሩላት። አሁን ጭንቅላቷን ፎቶ ወደሚያነሣው ማሽን ወስደዋታል። መተላለፊያው ላይ መስኮት አለ፣ መጋረጃ የለውም። ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ ውሃ ፈስሷል። ሰው ሁሉ በዚያ ላይ የሚሄድ ይመስላል፣ ቀስ ብሎ።


ያው ሰኞ። ከሰ.

እህት ዓለሜ፣ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ሳቅኩ።

ዶክተሯ ጠራችኝ። እናት፣ ይቀመጡ አለችኝ። ከሳይነስ የመጣ ነው አለች። ሳይነስ ብቻ? አልኳትና ሳቅኩ። ከልቤ። ተመስገን ብዬ እጇን ሳምኩት። እኔ እኮ የሚጥል በሽታ ፈርቼ፣ ካንሰር ፈርቼ፣ የሰው ዓይን ፈርቼ ነበር። ሳይነስ ማለት ለኔ ስሰፋ የሚያስነጥሰኝ፣ ግርማን በእንቅልፉ የሚያንኮራፋው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ እድር አባልነት የሚጋራው ነገር ነው። ማን በሳይነስ ሞቶ ያውቃል?

ዶክተሯ ስቄ እስክጨርስ ጠበቀች። አልተቆጣችም። ይኼ ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ ፎቶውን አሳየችኝ። ከቅንድባችን በላይ፣ አጥንቱ ውስጥ፣ ባዶ ክፍል አለ። ሳይነስ የክፍሉ ስም ነው አለች፣ የበሽታ ስም አይደለም። ሁሉም ሰው አለው። የብሌን ክፍል መግል ሞላው። በፊት በኩል አጥንቱን በልቶ ወደ ቆዳዋ ወጣ፣ እብጠቱ እሱ ነው። በኋላ በኩል ደግሞ ወደ ውስጥ አልፎ ከአንጎሏ ሽፋን ሥር ተኛ። ብዙ ጊዜ አይሆንም አለች። ሲሆን ግን እንዲህ በልጆችና በወጣቶች ላይ ነው፣ ሲሆንም ይፈጥናል። መድኃኒት ብቻውን አይደርስበትም። ተከፍቶ መታጠብ አለበት፣ ዛሬውኑ፣ አ.አ.።

እንፋሎቱ ነው ወይ አልኳት። አይደለም አለች። ዳማከሴው? እሱም አይደለም። እነሱ አላመጡትም፣ አያስወጡትምም። ግንባር ሲያብጥ፣ ዓይን ሲያብጥ፣ ልጅ ስታስመልስና እንቅልፍ ሲበዛባት ያኔ ነው በሩጫ መምጣት አለች፤ ለሰፈሩም ይንገሩ። እሺ አልኩ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የክፍሉን ስም በሽታ ስል ኖሬአለሁ።

አምቡላንስ ተጠርቷል። አዴ ጫልቱ የቤቴን ቁልፍ ይዛ ሄደች። ሁለታችንም ምች ነው ሳይነስ ነው አልተባባልንም።


መንገድ ላይ

ፊደሌ ከተጣመመ መኪናው ነው።

ፈጣኑ መንገድ ላይ ነን። ብሌን ተኝታለች። ጉሎኮሱ ከላይ ይወዛወዛል። ከመስኮቱ ውጭ ምንም የሚቆም ነገር የለም፤ ግራሩ፣ ጤፍ የታጨደበት ማሳ፣ ክምሩ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ይፈሳል። እኛ ብቻ የቆምን ይመስላል፣ አገሩ ነው የሚሄደው። ዱከም ጋ የፋብሪካዎቹ ጣሪያ በፀሐይ ያበራል። ልጃገረዶች ከሥራ ወጥተው ሚኒባስ ይጠብቃሉ፣ ተቃቅፈው ይሳሳቃሉ። ከብሌን ብዙም አይበልጡም። አንዷ ለአምቡላንሱ አማተበችለት። አላውቃትም። ዕድሜ ይስጣት።

ግርማ ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት። የሱ መኪና ሞተር ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ፣ እኔ ሳልደርስ ማንም ጭንቅላቷን እንዳይነካ አለኝ። ጭንቅላቱ ተከፍቶ ሰው የሆነ አላየሁም አለ፤ ጸበል እንወስዳታለን፣ ጠብቂኝ። እየመጣሁ ነው። ሰምተሻል? አለ። ሰምቻለሁ አልኩት። ስልኩ ተቋረጠ።

ልጄ ጣቴን ይዛለች። በግራ እጇ። ቀኝዋ ዝም ብሏል።


ያው ሰኞ። ማምሻ። አ.አ.

ፈረምኩ።

ቀዶ ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። አባቷ መንገድ ላይ ነው፣ እስኪደርስ ይጠብቁልኝ አልኩት። ስንት ይፈጅበታል አለኝ። አላውቅም፣ ጭኖ ነው የሚመጣው አልኩ። እናት፣ መግሉ እኮ አይጠብቅም አለኝ። ከጠበቅን ልንከፍት የምንችለው ልጅ ላይኖረን ይችላል። ብትከፍቷትስ ልጄን ነው የምትመልሱልኝ? አልኩት። በሕይወት ልመልስልዎት እሞክራለሁ፣ ሌላውን ሲነጋ እናያለን አለ። አልዋሸኝም። ለግርማ ደወልኩ፣ ደወልኩ። አይሠራም።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ፊርማዬ ሙሉ ስሜ ነው፣ ሌላ አላውቅም። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩት። የመጋረጃ ጠርዝ እንደምሰፋ።

ፀጉሯን ሊላጩ ሲሉ ሹሩባውን እኔ ልፍታላት አልኩ። ለጥምቀት ነበር የተሠራችው። ነርሷ ጊዜ የለም አለች። ቀና ብላ አየችኝና፣ ክፍሉ እስኪዘጋጅ አለች። ፈታሁ። ጣቶቼ ያውቁታል። አንዱ ሲፈታ ሌላው፣ እየተጥመለመለ ትራሱ ላይ ይወርዳል። አወራኋት። ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ ጎረቤታችን ዶሮ፣ ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም። ዓይኗ ተከድኗል። የምትሰማ መሰለኝ። እብጠቱ ጋ ስደርስ ጣቴን አነሳሁ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ሁለታችንም ከዓለም የወጣን ያህል። ከዚያ በሩ ተከፈተና ወሰዷት።


ጥር 21፣ ማክሰኞ። አስተርእዮ ማርያም። ጠዋት

አለች።

አለች! ከዚህ በላይ ምን ልጻፍ። መግሉን ከአንጎሏ ሽፋን ሥር አጥበው አውጥተዋል፣ በአፍንጫዋም በኩል ከፍተው አፍስሰዋል። ቱቦ በአፏ፣ ቱቦ በራሷ። በመስታወት አሳዩኝ። ጭንቅላቷ ነጭ ሻሽ ነው። ሥዕል ላይ እንዳለችው ማርያም... ምን እንደምል አላውቅም። ትንፋሿ ማሽኑ ላይ በመብራት እንደ ኮረብታ ይሄዳል፣ ከፍ፣ ዝቅ።

ግርማ ሲነጋጋ ደረሰ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት አምሽቶ፣ ቲማቲሙን ሞጆ ላይ ለሰው ጥሎ መጥቷል። ልብሱ ቲማቲም ቲማቲም ይሸታል። በመስታወቱ አየ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ማን ፈረመ? አለኝ። እኔ አልኩት። ሄዶ ወዲያኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። መካከላችን ሦስት ባዶ ወንበር። ሃያ ዓመት ኖረን እንዲህ አልተቀመጥንም።


ጥር 24፣ ዓርብ

ቱቦውን ከአፏ አወጡላት። ዓይኗን ገለጠች። እብጠቱ ጎድሏል፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ይታያሉ። አየችኝ። አወቀችኝ። የልጄን ዓይን እኮ አውቃለሁ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩ። ምንም። እንደገና። ምንም። የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ቃሉን ታጣዋለች። ያቺ ምላሷ የሽማግሌ። እንባዋ በጎን ወረደ፣ ወደ ጆሮዋ።

ቀኝ እጇም አልጋው ላይ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ተኝቷል።

ግርማ ከኋላዬ ነበር። አላልኩሽም? አለ። በቀስታ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ያልፈረምኩበትን ሌሊት ለሱ ላሳየው አልችልም። ለራሴም አልችልም።

ዛሬ አልተኛሁም፣ ግን ሕልም አያለሁ። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልኩ። መጋረጃ ከመስኮት ወጥቶ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ማንም አይይዘውም።


ጥር 27፣ ሰኞ። መድኃኔ ዓለም

ቀዶ ሐኪሙ ሁለታችንንም ጠራን። ግርማ ቆብ አውልቆ ገባ። ቢላዋችሁ ነው ወይ ምላሷን የወሰደው? ብሎ ጠየቀ፣ ፊት ለፊት። ሐኪሙ አልተቀየመም። መግሉ የተኛው የቃል ቦታ ላይ ነበር አለ፣ በግራ በኩል፤ እጇም ከዚያው ነው። ምላሷ መጥፋት የጀመረው ቤት እያለች ነው። በሩን አጥፊው ያለችኝ ትዝ አለኝ፣ ነገርኳቸው። ግርማ ወደ እኔ ዞረ። ይኼን አልነገርሽኝም አለ። ስቄበት ነበር እኮ አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ካልተከፈተችስ? አለ ግርማ። ሐኪሙ ራሱን ወዘወዘ። ግርማ ገባው።

ቃል ይመለሳል ወይ? ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ አለ፤ ልጅ ናት፣ አንጎሏ ገና ለጋ ነው። ሁሉም እንደነበረ ይሆናል ብሎ ግን አልማለም። መድኃኒቱ በደም ሥር ለሳምንታት ይቀጥላል። የእናንተ ሥራ ማውራት ነው አለ። ዝም አትበሉባት። የያዛችሁትን ሁሉ ስሙን እየጠራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ስትሳሳት አትሳቁባት፣ አትቸኩሉባትም።

ስንወጣ ግርማ አጠገቤ ተቀመጠ። ባዶ ወንበር የለም። ትከሻው ነካኝ።

እና ከሰ. ላይ ምን ሆነ መሰለሽ! ሾርባ ስሰጣት አፏን ከፈተች፣ ዋጠች፣ አየችኝና፣ ማንኪያ አለች። ጥርት አድርጋ። ማንኪያ! እልል ልል ነበር፣ ነርሷ አፌን ያዘችኝ።


የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ሁሉም ነገር ማንኪያ ነው። ውሃው ማንኪያ። ትራሱ ማንኪያ። ነርሷ ማንኪያ። ያለቻት ቃል እሷ ናት፣ ለሁሉም ታብቃቃታለች። በድምጿ ነው የምንለየው። ሲያማት አንድ ዓይነት ማንኪያ አለ፣ ሲጠማት ሌላ። ስትናደድ ደግሞ ማንኪያ! ትላለች፣ ክፍሉ ይደነግጣል።

አዴ ጫልቱ ከአዳማ መጣች፣ ብርቱካን ተሸክማ። አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ፣ ደህና ነሽ ልጄ አለቻት። ማንኪያ አለች ብሌን። አዴ ጫልቱ ፍንክች አላለችም። በኦሮምኛ ፈልኣና ነው፣ ከፈለግሽ እሱን እንጨምርልሽና ሁለት ይሁንልሽ አለቻት። ብሌን ሳቀች። ፊቷ በአንድ ወገን ብቻ፣ ግን ሳቅ ነው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አዴ ጫልቱ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ አራገፈች። ሙሽራዋ መጋረጃውን ጠርዙ ሳይሰፋ ወስዳ ሰቅላዋለች። ያምራል ብላለች። አዴ ጫልቱ አሁን ግንባሩን ያመመው ልጅ ባየች ቁጥር ዓይኑን ገልብጣ ታያለች አሉ፤ አብጦ ካገኘችው እናትየዋን እየገፋች ሆስ. ትልካለች። ዳማከሴውንስ ተውሽ ወይ አልኳት። ለምች ነው እንጂ ለሳይነስ አይደለም አለችኝ፣ ኮስተር ብላ። ለክርክር ልቤ የለም፣ ተውኳት።

ግን ግርማን ብታይው። ዝምተኛ ሰው አይደል እንዴ? በቀን አሥር ቃል ካወጣ ብዙ ነው። ዛሬ አልጋዋ ጠርዝ ተቀምጦ፣ የማይንቀሳቀሰውን እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ መንገዱን ይነግራታል። ከባቱ እንነሳለን ይላታል። ጋሪዎቹን አልፈን። በቀኝ ሐይቁ። ከዚያ መቂ፣ ሽንኩርት ተከምሯል። ከዚያ ቆቃ፣ ዓሣ የሚሸጡ ልጆች። ከዚያ ሞጆ። እዚያ ሻይ እጠጣለሁ። ከዚያ ቤት። ሲጨርስ ከባቱ ይጀምራል። ድምፁ ቀስ ያለ ነው፣ መኪናው ሜዳ ላይ ሲሄድ እንደሚለው። ዓይኖቿ የሆነ ነገር ይከተላሉ፤ መስኮት እንዳለ። እኔም ሄድኩ አብሬያቸው። የት እንደደረስን እንጃ፣ ሞቃት ነበር።


የካቲት 5፣ ማክሰኞ። ጠ.

እህት ዓለሜ፣ አትቀየሚኝ።

ትናንት ልብ አልኩት። ከልጄ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ ላይ ጎንበስ ብዬ ስጽፍ፣ እሷ ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች። ስንት ጊዜ እንዳየችኝ አላውቅም። እኔ ያየሁትን የሰማሁትን ሁሉ ወደዚህ እያመጣሁ አፈሳለሁ። ነፋሱን፣ ሕልሙን፣ ሰው ያለውን። ለሷ ደግሞ ብዪ የኔ ልጅ፣ ውሃ በይ፣ ው-ሃ፣ እላታለሁ። እንደ አስተማሪ። ማን በእንዲህ ያለ ወሬ ይነቃል?

ሐኪሙ አውሯት ነው ያለን። ወሬ እኮ ነው የኔ ሀብት። ተቆጥቦ የሚቀመጥ አይደለም፣ ለሁለት ቦታም አይበቃም። ቃሏ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ጸሎቴ እሱ ነው፣ ሥራዬ ግን ወሬው ነው። ስለዚህ ወስኛለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያየሁትን ለሷ ነው። ሁሉንም፣ ከነቅመሙ፣ መልስ ሳልጠብቅ። አሁን ለምሳሌ ውጭ ዛፉ ላይ አንዲት ሴት የታጠበ አንሶላ ልታሰጣ ስትታገል ነፋሱ አንሶላውን ራሷ ላይ ጠቅልሎባት፣ ባሏ ደግሞ ሚስቱን ትቶ አንሶላውን

ጠራችኝ። ማንኪያ አለች። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ሰው የለም፣ ዕቃም የለም። እኔን ነው። አቤት የኔ ልጅ